ሆዱ የማይከፈተው የአያ አራጋው ሽጉጥ

ዘውዴ የደወለልኝ አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና በጀርባዋ አስተኝቼ ሆድ ዕቃዋን ስጎረጉር ነው። ዘውዴ ሲያወራ ከአምባሰል ደጋ እስከ ሐይቅ ከተማ ያለ ስልክም የሚሰማ ሰው ነው። ያን ጠዋት ግን ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለኝ።

«እንድሪስ፣ ዛሬ ጭስ አላየሁም» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ዘውዴ የአያ አራጋው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ስላችሁ እንደ ከተማ አጥር ለአጥር እንዳይመስላችሁ። በሁለቱ ቤት መሃል አንድ ሸለቆ አለ፤ ከወዲህ የተጠራ ሰው ከወዲያ «አቤት» ሲል የጠራው ሰው አርጅቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዘውዴ ሽማግሌው በሕይወት መኖራቸውን የሚያውቀው ጠዋት ከጣሪያቸው በምትወጣው ጭስ ነበር። ጭስ ካለች አያ አራጋው አሉ። ዛሬ ጭስ የለችም።

«ሄደህ አየሃቸው?»

«አይቼ ነው። እንደተኙ ናቸው። ሽጉጧ ራስጌያቸው ናት።» ወዲያው ደግሞ፣ «አይ፣ እንደዚያ አይደለም። በሰላም ነው የሄዱት» አለኝ።

እንደዚያ አይደለም ያለበትን ምክንያት ለመናገር ወደ መጀመሪያው ቀን መመለስ አለብኝ።

እኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል የስፌት መኪና እጠግናለሁ። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ እኔ ሳስነጥስ ደንበኛዬ ውጭ ይገኛል። በወጣትነቴ ወታደር ቤት ሳለሁ የመሣሪያ ጥገና ላይ ስለሠራሁ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ የታመመበት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። ከእጄ ይልቅ የምታወቀው በምላሴ መሆኑን ግን አልደብቃችሁም። አያ አራጋውም የመጡት «አንድ የሚቀልድ እስላም አለ፣ ብረት ያውቃል» ተብለው ነው።

ወሩ ሁዳዴ፣ ቀኑ ገበያ ነበር። ቁመታቸው ከበራፌ ስለሚበልጥ ገብተው እስኪያበቁ ጊዜ ይወስዳል፤ መጀመሪያ ጉልበታቸው ይገባል፣ ራሳቸው ቆይቶ ይደርሳል። በአንድ እጃቸው ለገበያ ያመጡትን ቅቤ በቅል አንጠልጥለዋል። ሌላው እጃቸው ጋቢው ውስጥ፣ ብብታቸው ሥር ነው። ሰላምታውን ከከብት እስከ ዝናብ ድረስ አደረሱና ተቀመጡ። ከብብታቸው በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፣ ፈቱት። ከዚያም አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ሽጉጥ ወደ ጆሮዋቸው አስጠጉ።

ከፊት ለፊቴ ሻይ የምትሸጠው ከድጃ «ያ ረቢ፣ ሰውየው» ብላ ትሪዋን ከነብርጭቆው ለቀቀችው። ቲማቲም ሻጩ ቲማቲሙ ላይ ተኛ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ባጃጁ እየሄደች ዘሎ ወረደ፤ ባጃጇ ግን ከእሱ የተሻለ ስለሰለጠነች ራሷ ዳር ይዛ ቆመች።

አያ አራጋው ዞር ብለው አዩአቸው። «ምን ሆነው ነው እነዚህ?»

«ራስዎን ሊገድሉ መስሏቸው ነው» አልኳቸው። እኔም መስሎኝ ነበር።

አሰቡበት። «አምባሰል ተቀምጬ?» አሉ። «ገደሉ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?»

ከድጃ ከወደቀችበት ሳቀች። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ሽጉጡን ወደ እኔ ጆሮ አስጠጉና «ስማው» አሉኝ። ጥይቱን አውጥተውታል። ነቅነቅ ሲያደርጉት ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ አለ።

ሪቮልቨር ነው። ጥይቶቹ አንዲት ትንሽ ከበሮ በምትመስል ክብ ብረት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ከበሮዋ እየዞረች ተራ ታስይዛቸዋለች። ቅጭ የምትለው እሷ ናት። ለመዞር ትንሽ ክፍተት ያስፈልጋታል፣ ተፈጥሮዋ ነው ብዬ አስረዳሁ።

«አዲስ ነገር አይንጫጫም» አሉኝ።

«ኧረ አያ አራጋው፣ አዲስ ልጅስ አይንጫጫም?»

«እሱን አላውቅም» አሉ።

አፌ የሚዘጋበት ቀን በዓመት አንድ ቢሆን ነው፤ የዚያ ዓመቱ በዚያች ቅጽበት ሄደ። ነገሩን ለማስረሳት ብዬ ፈትቼ ልየው ብላቸው ሽጉጡን ወደ ብብታቸው መለሱት።

«ሆዱን አትክፈትብኝ። የኔዋንም ሐኪሞቹ ቀላል ነው ብለው ከፈቷት። ማንም አላጠፋም። ግን አልተመለሰችም።»

ለምን እንደገዙት የነገሩኝ ያኔ ነው። በእነሱ አገር ወንድ ሲሞት ብረቱ ለቅሶው ላይ ይወጣል። ልጁ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይዞት ይዞራል፤ ሬሳው ሲነሳ ይተኮሳል። የአባታቸው ጠመንጃ በአንዱ ዘመን ተወስዷል። ልጅ የላቸውም። ረጅም ጠመንጃ መሸከም ስላልቻሉ በወጉ ፈቃድ አውጥተው ብብት የምትገባውን ገዙ።

«ቤቴ ውስጥ ዝምታ ጠግቤያለሁ» አሉኝ። «ስነሳ አንድ ድምፅ ይሰማ። ሌላ አልፈልግም። ታዲያ ለቅሶዬ መሃል እንደ ቁልፍ መያዣ የሚንኳኳ ብረት ቢይዙልኝ ሰው አይስቅም?»

«አብሽር፣ እኔ ካለሁ የሚስቅ የለም» አልኳቸው። ከእኔ አፍ ሲወጣ ነገሩ ራሱ አሳቃቸው። ጥርሳቸውን ያየሁት ያኔ ነው፤ ጥቂት ነው፣ ግን ሁሉም ደግ ደጉ ነው የቀረው።

ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ። ቅሉ በአንድ እጅ፣ ሽጉጡ በብብት።

«መንጫጫቱን ተወ» አሉኝ። «መተኮሱንም ተወ። ገደል አፋፍ ወጥቼ ስሞክረው ጠቅ ብሎ ይቀራል።»

ተቀበልኩና ነቀነቅሁት። ቅጭ፣ ቅጭ። ባዶ ቀለሃ ከትቼ ምላጩን ስስበው መርፌው እንደ እብድ ኮርማ ይወጋል። ያን ጊዜ ተኩስ ገና እንዲህ አልከበደም ነበርና፣ ለሚመለከታቸው ነግረን፣ ወደ አርዲቦ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ካለ አንድ ጎድጓዳ ገብተን ሞከርነው። ጮኸ። የአርዲቦ ወፍ ሁሉ ተነስቶ ባቲ እስኪደርስ አላረፈም አሉ። አሉ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግን አመኑኝ።

«እዚህስ ይሠራል» አሉ ሽማግሌው፣ አምባሰልን በክፉ ዓይን እያዩ።

በሚቀጥለው ገበያም መጡ። ከዚያ በኋላ ባለውም። እዚያ ይከሽፋል፣ እዚህ ይተኩሳል፤ እዚያ ዝም፣ እዚህ ቅጭ ቅጭ። ጥይቱ እርጥበት ገብቶት ይሆናል ብዬ አስለወጥኳቸው። ለውጥ የለም። ምላጩን ሲስቡ እጅዎ ይንቀጠቀጣል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፣ ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጥ ይሆናል እንጂ የሳቸው እጅ አይነቃነቅም። ልክፈተው ስል «ሆዱን ተው» ይላሉ። ከድጃ በበኩሏ መርምራ ጨርሳለች፦ «አገሩ አልተስማማውም። ሐይቅ ይዳሩትና እዚሁ ይኑር።»

«ከማን ጋር?» አሉ ሽማግሌው።

«እንድሪስ ወንበር ላይ ከተኛችው የስፌት መኪና ጋር።»

በዚህ መሃል አያ አራጋው የመንደራችን ሰው ሆኑ። የገበያ ቀን ከድጃ የሳቸውን ብርጭቆ ለብቻው ታጥባለች። የባጃጅ ሹፌሮቹ ጎማ የሚፈተሽ አስመስለው እኔ በር ላይ ይቆማሉ፣ ወሬያቸውን ለመስማት። አንድ ጊዜ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ጠብሰን ስናቀርብላቸው ሳህኑን ትክ ብለው አዩና «የሚያየኝን አልበላም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከድጃ ዓሣ ባቀረበች ቁጥር ዓይኑን በቲማቲም ትሸፍንላቸዋለች። አሁንም አልበሉም። አፋቸው ግን ከጠዋት እስከ መጨረሻው ሚኒባስ አይዘጋም ነበር። ስለሞቱ በሬዎቻቸው፣ ሚስታቸው እንዴት እንደምትስቅ፣ ጅብ በር ላይ ቆሞ እንዴት እንዳፈረ። እያወሩም መሃል ላይ ሽጉጡን ያወጡና ጆሮዋቸው ላይ ያደርጉታል። አሁን ማንም አይደነግጥም። የማያውቅ መንገደኛ ሲጮህ ከድጃ «ስልክ እያነጋገሩ ነው» ትለዋለች።

ክረምቱ ሲወጣ ቀሩ። ዘውዴ ለገበያ ሲመጣ ስጠይቀው ጉልበታቸውን ብርድ ይዞት መውረድ እንዳቃታቸው ነገረኝ። እኔ ልወጣ ተነሳሁ።

ስለ መንገዱ ብዙ አልናገርም። ሚኒባሱ ካወረደኝ በኋላ የወጣሁትን ዳገት ያየ ሰው ግሸንን ሜዳ ይላታል። ላይ ስደርስ ብርዱ «እንደምን ዋላችሁ» ያልኩትን ከአፌ ሳይወጣ አደረቀው። ግን የደነቀኝ ብርዱ አልነበረም፤ ሽማግሌው ነበሩ። ሐይቅ ላይ አፋቸው የማይዘጋው ሰው ቤታቸው ውስጥ ቃል አጡ። አንድ የመቀመጫ ዱካ አለ፤ እሱን ለእኔ ሰጡኝና ቆሙ። አንድ ስኒ አለ፤ እሱንም ለእኔ ሰጡኝና እኔ እስክጨርስ ጠበቁ። ግድግዳው ላይ የሚስታቸው ቀሚስ እንደተሰቀለ ነው። «ደህና ነዎት?» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። መናገር የተውት ቂም ይዘው አልነበረም፤ እዚያ ቤት ውስጥ መናገር ልማዱ ስለጠፋ ነው።

ሽጉጡን ከራስጌ አንስተው ሰጡኝ። በረዶ ነው። ነቀነቅሁት፤ ምንም ድምፅ የለም። ምላጩን ስስበው መቺው እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ሄዶ ተቀመጠ።

«አያ አራጋው፣ አሁን መክፈት አለብኝ።»

ቀሚሱን አዩት። ከዚያ «እኔ እያየሁ ክፈተው» አሉ።

ፈታሁት። እያንዳንዱን ብሎን ሳወጣ መዳፋቸውን ጫጩት እንደሚከልል ሰው ከላይ ዘረጉበት። የጎን ክዳኑን ሳነሳ ውስጡ ነጭ ነው። ዳር እስከ ዳር የረጋ ነገር ሞልቶታል። በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትሁት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነዋ።»

«ማን አገባው?»

«እኔ። ይንጫጫል አላልኩህም? በጾሙ ኑግ ዘይት ብቀባው አልተወውም። ሲፈሰክ ቅቤ አጠጣሁት፣ ዝም አለ። አባቴም ጠመንጃውን ቅቤ ነበር የሚቀባ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ቅቤ ምን ይነገራል?» አሉ፣ ከልባቸው ገርሟቸው። እውነታቸውን ነው። ራስ ሲያማቸው ቅቤ፣ ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ፣ ቁስል ሲያሽል ቅቤ፤ በእሳቸው አገር ቅቤ ያልገባበት ነገር ታቦቱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የቅቤው ሽታ ሐይቅም ያውደኝ ነበር፣ ግን ሁልጊዜ ቅል አንጠልጥለው ስለሚመጡ የቅሉ ነው ብዬ ነው የማልፈው። ወደ እኔ ሲያመጡትም ልጅ ሐኪም ዘንድ እንደሚወስድ ሰው ላዩን አጥበው፣ ወልውለው ነው።

የሳቅሁትን ሳቅ ዘውዴ ከሸለቆው ማዶ ሰምቶ እሳት የተነሳ መስሎት በሩን ከፍቷል። ሳቄ ሲያልፍልኝ አስረዳኋቸው። ቅቤው በብርድ ይረጋል፣ መቺውን ይይዘዋል፣ መርፌው ጥይቱን ዳሰስ አድርጎ ይመለሳል፤ ስለዚህ ይከሽፋል። ከበሮዋንም ስለሚይዛት አትንጫጫም። ወደ ሐይቅ ሲወርዱ ደግሞ ብብታቸው ውስጥ ይቀልጣል፣ ሁሉም ይፈታል፣ ይንጫጫል፣ ይተኩሳል። «ሲንጫጫ ጤነኛ ነው። ዝም ሲል ነው የታመመው» አልኳቸው።

ቆመው ሰሙኝ። «እንደኔ ነዋ» አሉ።

በላምባ አጥቤ፣ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ቀብቼ ገጠምሁት። ገደሉ አፋፍ ወጥተን ምላጩን ራሳቸው ሳቡት። ጮኸ። ድምፁ ማዶ ሄደ፣ ተራራውን መታ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ሽማግሌው እስኪጠፋ ድረስ አዳመጡት፤ ከጠፋም በኋላ ቆዩ። ሽጉጡን አገላብጠው አይተው «ተከፍቶ ዳነ» አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብለው ያልጠበቁ ይመስል።

ሥራዬን በደንብ ስለሠራሁ ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

አንድ ገበያ አለፈ፣ ሌላም። ጉልበታቸው ድኗል፣ እርሻ ላይ አይቻቸዋለሁ ይላል ዘውዴ። ከድጃ ብርጭቆውን ታጥብና ገልብጣ ታስቀምጠዋለች። የባጃጅ ሹፌሮቹም ጎማቸው በድንገት ደህና ሆነ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ወሬኛ የለም ብዬ ስኮራ የኖርሁ ሰውዬ የገበያ ቀን በሩን እያየሁ ከስፌት መኪና ጋር ማውራት ጀመርሁ። አትመልስም፣ ግን ታዳምጣለች።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ጉልበታቸው ገባ፣ ቆይቶም ራሳቸው።

«ደግሞ ከሸፈ» አሉ።

አስቀመጥኳቸውና ብሎኖቹን ፈታሁ። አሁን ሆዱ ሲከፈት አይከለክሉም፤ ፊታቸውን ግን ወደ መንገዱ አዞሩ። ክዳኑን አነሳሁት። ቅቤ ነው። ትኩስ፣ የሳምንቱ፣ ከብብት ሙቀት ገና መቅለጥ የጀመረ። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ቲማቲም ሻጩን በትጋት ያያሉ፤ ሰውዬው ያን ያህል የሚታይ ነገር የለውም።

አፌ ውስጥ የመጡት ቀልዶች አንድ ሚኒባስ ይሞላሉ። ሁሉንም አሳፈርኳቸውና ሸኘኋቸው።

«ይህ ብረት አመለኛ ነው» አልኩ። «በየገበያው ቀን መታየት አለበት።»

«አልኩህ እኮ» አሉ፣ አሁንም መንገዱን እያዩ።

«ከድጃ፣ የአያ አራጋውን ሻይ» አልኩ።

እንዲህ ሆነን ኖርን። እሳቸው ያጠጡታል፣ እኔ እጠርገዋለሁ። በሁዳዴ ደግሞ ብረቱም ይጾማል፤ ያኔ ኑግ ነው። አንድም ቀን ስለ ቅቤው አላነሳንም። ጊዜው ከበደ፤ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ ተኩስ ሲሰማ ሰው የማን ሰርግ ነው ብሎ መጠየቅ ተወ። መንገድ ሲኖር ግን ሽማግሌው ይመጣሉ። ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ ሻያቸውን አስቀምጠው ጠየቁኝ።

«ማን ይተኩስልኛል?»

«እኔ።»

«አንተ እስላም ነህ።»

«ታዲያ ልቀድስ አልኩ እንዴ? ልተኩስ ነው ያልኩት።»

ሳቁ፣ ከዚያም መሳቃቸውን ተዉ። «ቃልህ ነው?»

«ወላሂ።»

ስለዚህ ዘውዴ ጭስ አላየሁም ባለኝ ጠዋት የስፌት መኪናዋን ሆዷ እንደተከፈተ ትቻት ወጣሁ። ከድጃ በሬን ልትዘጋልኝ መጣች፤ ምንም ሳልነግራት የሽማግሌውን ብርጭቆ ከመደርደሪያው አንስታ በቀሚሷ ስትጠርግ አየኋት።

አምባሰል ወጥቼ ለቅሶው ሜዳ ላይ ስደርስ ጉም ወርዷል። ቅሬው ተሰብስቧል፤ በእኛ አገር ቅሬ የምንለው የቀብር ማኅበር እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ነው የሚቀብረው። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ጥቂት ሽማግሌዎች በጎርናና ድምፅ ይሸልላሉ። መሃል ላይ ዘውዴ ሽጉጧን አፈሙዟን ዘቅዝቆ ይዞ ይዞራል። እንደ ጠመንጃ ሊይዛት እየሞከረ ነው፤ ከመዳፉ አልፋ አትታይም። ማንም አልሳቀም።

የቅሬው ዳኛ እጁን አነሳ። «ዛሬ ተኩስ የለም። ማዶ ሆኖ የሚሰማን ሰው ለቅሶ መሆኑን አያውቅም። ነፍስ ይማር ብለን በዝምታ እናነሳቸዋለን።»

የተቃወመ የለም፤ እኔም እሱ ቦታ ብሆን የምለው ያንኑ ነው። ዘውዴ ግን እኔን አየኝ፤ ስለ ቃሌ ያውቃል። እኔ ደግሞ በዝምታ ሲል የሽማግሌው ቃል ትዝ አለኝ። ዝምታ ጠግቤያለሁ ብለውኝ ነበር።

ሄጄ እጄን ዘረጋሁ። ዘውዴ ሽጉጡን ሰጠኝ። ጥይቱ ወጥቷል። ነቀነቅሁት።

ምንም።

እንደገና ነቀነቅሁት። ከበሮዋ አትነቃነቅም፣ መቺው ይዞታል፤ በክዳኑ ስንጥቅ ነጭ ነገር ይታያል። ሞልተውታል። ከነገ ወዲያ ገበያ ነው፤ ለእኔ አዘጋጅተውት ነበር።

ኮቴን ከፈትሁና ሽጉጡን ብብቴ ሥር ከትቼ ክንዴን ገጠምሁበት። ብርዱ እስከ ጥርሴ ዘለቀ። አንዲት አልቃሽ ሴትዮ ልቤን የያዘኝ መስሏት ውኃ ላምጣልህ አለችኝ። ራሴን ነቅንቄ ቆምሁ። ሽለላው አልቆ እንደገና ተጀመረ። ቄሱ ደረሱ። ቀስ በቀስ አንድ የሞቀ ነገር ጎኔን ይዞ ወደ ወገቤ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ሸሚዜ ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ፣ ሽማግሌው አጠገቤ የቆሙ መሰለኝ።

ቃሬዛውን አነሱ።

ሽጉጡን አወጣሁና ከራሴ በላይ ነቀነቅሁት። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። በዚያ ሁሉ ጉም ውስጥ ትንሽ ናት፤ ግን ሜዳው ላይ ሌላ ድምፅ አልነበረምና ተሰማች። የተሸከሙት ሰዎች ቆም አሉ። ዳኛው ዞሮ አየኝ። እጄ ላይ ያለውን አየ፣ እያዳመጠ ቆየ።

«ይህንስ የከለከለ የለም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ቃሬዛውም ሄደ።

እኔ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ እየነቀነቅሁ ሸኘኋቸው፤ እነሱ ሲገቡ እኔ ከውጭ ቀረሁ። ክንዴ ሲዝል ሽጉጡን ዝቅ አድርጌ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

ማንም አልጮኸም።